ሮፐርስ ከካልጋሪ የሄደበት ዓመት

እ.ኤ.አ. በ1986 የካልጋሪ ሮፐርስ በተባለው የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ከምንሠራው መካከል ሐበሾች ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ውብነሽ፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ባለች መስኮት በሌላት ክፍል የተጫዋቾቹን ልብስ አጥባለሁ። ጋሼ በራኺ ሜዳውን ይንከባከባሉ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ እሳቸው የአስመራ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ አገር ቤት የእሳቸው ወገኖችና የእኔ ወገኖች ይዋጉ ነበር። እኛ ምሳችንን አብረን እንበላለን፤ ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

ጋሼ በራኺ የቤዝቦል ሜዳ ያወቁት ካልጋሪ ከመምጣታቸው በፊት ነው። አስመራ ውስጥ ቃኘው በሚባለው የአሜሪካኖች የጦር ሰፈር አሥራ ሦስት ዓመት የወታደሮቹን መጫወቻ ሜዳ ይዘዋል። አሜሪካኖቹ በ1977 ሲወጡ እሳቸውም ከባለቤታቸው ከለተንሳኤ ጋር በእግር ሱዳን ገቡ። አምስት ዓመት እዚያ ቆይተው አንድ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር አድርጎ ወደ ካልጋሪ አመጣቸው። አንድ ልጃቸው ሠናይት መንገዱን አትችለውም ተብላ አስመራ አክስቷ ዘንድ ቀርታ ነበር። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ሥራውን እንዴት እንዳገኙ ራሳቸው ነግረውኛል። የሜዳው ኃላፊ የነበረው ሽማግሌ ማመልከቻቸውን አገላብጦ አየና፣

“ቤዝቦል ታውቃለህ?” አላቸው።

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ኳስ ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ከፍታው ስንት ነው?”

“ከ69 በፊት ነው ከ69 በኋላ?” አሉት ጋሼ በራኺ።

ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በዚያ ዓመት ሕጉ ተለውጦ ጉብታው ከአሥራ አምስት ኢንች ወደ አሥር ዝቅ ብሎ ነበር። የቃኘውን ጉብታ በአካፋ ዝቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

የቡድኑ ባለቤት ሃስኬት የሚባል ሰው ነው። ለነዳጅ ቆፋሪዎች ቧንቧ የሚሸጥ ድርጅት ነበረው። ሮፐርስ የማንም ትልቅ ቡድን ቅርንጫፍ ስላልነበረ የተጫዋቹንም፣ የአሠልጣኙንም፣ የእኛንም ደሞዝ የሚከፍለው ሃስኬት ነው። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። የእያንዳንዳችንን ስም ያውቃል፤ ለገና ተርኪ ይልክልናል፤ ልጄ የታመመች ጊዜ ቤቴ ድረስ በራሱ መኪና አድርሶኛል።

በ86 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ካልጋሪ ውስጥ የቤታቸውን ቁልፍ ለባንክ አስረክበው የሚሄዱ ሰዎች በየመንገዱ ነበሩ። ቆፋሪዎቹ ቆፈራ ሲያቆሙ የሃስኬትን ቧንቧ የሚገዛ ጠፋ፤ እሱም ፊቱን ወደ ቡድኑ የደሞዝ ወጪ አዞረ።

ይህን ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሥራ ስገባ የአንድ ተጫዋች ማሊያ ታጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኛል፤ ላዩ ላይ “ስሙን ፍቺው” የሚል ብጣሽ ወረቀት አለ። ጀርባው ላይ የተሰፉትን ፊደሎች በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ እየፈታሁ አነሳለሁ። ማሊያው በግማሽ ደሞዝ ለሚመጣው ልጅ ይሆናል። በሜይ የሦስት ሰው ስም ፈታሁ፤ በጁን የአምስት። ከዚያ በጨዋታው መሐል ለተመልካቹ ኦርጋን የሚጫወተው ሰውዬ ከሥራ ተቀነሰ። ቀጥሎ የሜዳው ኃላፊ ሽማግሌና ረዳቱ ሄዱ። የሦስት ሰው ሥራ በጋሼ በራኺ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ማዕረግም ጭማሪም አልተሰጣቸውም።

ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ሲሄዱ ቡድኑ ይሸነፍ ጀመር። ሲሸነፍ ደግሞ ተመልካቹ ቀረ። ሃስኬት ጋዜጠኞች ጠርቶ ስታዲየሙ እንዳረጀ፣ የስታዲየሙ ባለቤት ከተማው ስለሆነ አዲስ መሥራት ያለበትም ከተማው እንደሆነ ተናገረ። “ለ88ቱ ኦሎምፒክ ገንዘብ ያላት ከተማ ለቤዝቦል የላትም?” አለ። “ካልተሠራልኝ ቡድኔን ይዤ አሜሪካ እገባለሁ። የሚፈልጉኝ ከተሞች አሉ።”

እኛ ሠራተኞቹ አመንነው። ሆት ዶግ የሚሸጡት ሴቶች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። እኔም ፈረምኩ፣ ጋሼ በራኺም ፈረሙ።

በጁላይ አጋማሽ አንድ ጠዋት የሣር ማጨጃው የሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ከጋሼ በራኺ ጋር ሻይ ስንጠጣ ሃስኬት ካርቶን ሙሉ ዶናት ይዞ ገባ። ብቻውን ነበር። እሳቸውን ባሪ ነው የሚላቸው።

“ባሪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የከተማው ካውንስል ሰዎች ሜዳውን ሊያዩ ይመጣሉ” አለ።

“ሰምቻለሁ ሰር። ዝግጁ አደርገዋለሁ።”

“የማልፈልገው እሱን ነው።”

ከሜዳው ጥግ፣ ሦስተኛው ቤዝ ከሚባለው ማዕዘን ጀርባ፣ ከመሬት ሥር፣ የዝናብ ውሃ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቧንቧ አለ፤ በእጅ የሚዞር መዝጊያ አለው። ሃስኬት እሱ እንዲዘጋ ፈለገ።

“ዝጋውና ተወው። አፈሩንም አትዳምጠው። ቦታው አርጅቷል፤ እርጅናውን የምትደብቅለት አንተ ነህ። ትንሽ ጊዜ አትደብቅለት፣ እሱን ብቻ ነው የምልህ።” ከዚያ ዶናቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝና፣ “የልጅህ ጉዳይ የት ደረሰ?” አላቸው።

ሠናይት በዚያን ወቅት አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ባለፈው ዓመት እንደ ወላጆቿ በእግሯ ድንበር ተሻግራ ካርቱም ገብታ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ኢሚግሬሽን እሷን ለማምጣት የአባቷ ሥራ ቋሚ መሆኑን የሚያረጋግጥ የአሠሪ ደብዳቤ ጠይቋል። ጋሼ በራኺ ይህንን ነገሩት።

“ደብዳቤውን ራሴ እፈርምልሃለሁ” አለ ሃስኬት። “ያው ቡድኑ እዚህ ከቆየ ነው።”

የሚያስፈራራ አይመስልም፤ የምስራች እንደሚናገር ሰው ነበር ድምፁ። ሲወጣ ጋሼ በራኺ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

“ምን ይሻላል ትያለሽ ውብነሽ?” አሉኝ።

“ምኑ ይጠየቃል ጋሼ? ይዝጉት እንጂ። የአንድ ሳምንት ነገር ነው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ቡድኑ ከሄደ ሬንቱን በምን እከፍላለሁ? አንቱስ ሠናይትን በምን ያመጧታል?”

ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱና ዘጉት።

በማግስቱ ዝናብ ጀመረ። ሦስት ቀን ዘነበ፤ በሁለተኛው ቀን የርግብ እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደ። ሌላ ጊዜ ዝናብ ባባራ በሰዓት ውስጥ የሚደርቀው ሜዳ ውሃ ቋጠረ። የካውንስል ሰዎች ሐሙስ ዕለት መጡ። አንደኛዋ ሴትዮ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ሃስኬት ጎንበስ ብሎ ሲያወጣላት አየሁ። ጋሼ በራኺ ከሩቅ፣ መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ነበር።

ሰዎቹ እንደሄዱ ሃስኬት ዘንድ ቀርበው፣ “ነገ ጨዋታ አለ ሰር፣ ልክፈተው?” አሉት።

“ድምፅ እስኪሰጡ አይነካም። ሁለት ሳምንት ነው።”

“ሰው ይጎዳል።”

“ላዩን አሸዋ በትንበት።”

በተኑበት። ዓርብ ጨዋታው ገና ፀሐይ ሳለች ተጀመረ። ከድሮዎቹ ተጫዋቾች የቀረ አንድ ግሌን የሚባል ሰው ነበር፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ከሳስካችዋን የገበሬ ልጅ። ስሙን ያልፈታሁት የእሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቆሸሸ ልብሱን ወለል ላይ አይወረውርም፤ አጥፎ ይሰጠኛል። ሲገባ “ጤና ይስጥልኝ” ይለኛል፣ ጋሼ በራኺ አስተምረውት።

ኳሷን ሊይዝ ወደ ግራ ሲሮጥ አሸዋው ሥር ያለው ጭቃ እግሩን ያዘው። እግሩ ቀረ፣ ሰውነቱ ዞረ። ጩኸቱን እታች ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ፣ ማሽኑ እየሠራ ሰማሁት። በኋላ ሱሪውን አመጡልኝ። ከጉልበቱ ላይ በመቀስ ተቀድዷል፤ የሚታጠብ ነገር አልነበረውም።

በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ሃስኬት “ይህ ስታዲየም ሰው መስበር ጀመረ” ብሎ ወጣ። ግሌን ቃሬዛ ላይ ተኝቶ የሚያሳይ ፎቶም አብሮ አለ።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ በራኺ “ሆስፒታል አብረሽኝ ትሄጃለሽ?” አሉኝ። ሊጠይቁት መስሎኝ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ግሌን እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ታስሮ ተንጋሏል። ጥቂት አወራን። ሐኪሞቹ ጉልበትህ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ይደረጋል ብለውታል፤ ይሄዳል፣ መሮጡን ግን ይጠራጠራሉ።

ጋሼ በራኺ ወንበር አልያዙም። “ግሌን” አሉ፣ “ያ ሜዳ ውሃ የቋጠረው ቧንቧውን ስለዘጋሁት ነው። ዝጋው ተባልኩ፤ ዘጋሁት።”

ግሌን አያቸው፣ ወደ እኔም አየ።

“እየዘነበም አልከፈትከውም?”

“አልከፈትኩትም።”

“እኛ እንደምንጫወት እያወቅክ?”

“እያወቅኩ።”

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ “ውጡልኝ” አለ፤ አልጮኸም። ብርቱካኑን አልጋው ጎን አስቀምጬ ወጣን። ባስ ፌርማታው ላይ ተናድጄ “ምን አስነገረዎት?” አልኳቸው። “ማን ጠየቀዎት ጋሼ? እሱ እንደሆነ አይድን በዚህ!”

“የተጎዳበትን ማወቅ አለበት ብዬ ነው” አሉ።

ካውንስሉ ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ሃስኬት ደብዳቤውን ሰጣቸው። ከላዩ የቡድኑ ምልክት የሆነው ቀይ የገመድ ሥዕል የታተመበት፣ የተፈረመ ደብዳቤ ነው። ረቡዕ ስብሰባው ላይ ቀርበው ሁለት ደቂቃ እንዲናገሩለትም ጠየቃቸው። ሜዳውን የሚያውቅ ሰው፣ ሜዳው ከእንግዲህ አይጠገንም ብሎ እንዲመሰክር ነው የፈለገው።

በዚያ ምሽት ቤታቸው የሆነውን ለተንሳኤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አጫውታኛለች። ደብዳቤውን እራት ጠረጴዛ ላይ አኑረው፣ ሊናገሩ ያሰቡትን ነገሯት። ለተንሳኤ አለቀሰች። “የሰውዬው ጉልበት አንዴ ተሰብሯል፤ አንተ ስለተናገርክ አይጠገንም። ልጄ ግን ካርቱም ውስጥ በሰው እጅ ናት። አፍህን ዝጋልኝ፣ ሌላ አልለምንህም” አለቻቸው። ጋሼ በራኺ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እሷም ከእሳቸው ዘወር ብላ ተኛች። ረቡዕ ጠዋት ሱፋቸውን የተኮሰችላቸው ግን እሷ ናት። ሐሳባቸውን የለወጡ መስሏት ነበር።

ረቡዕ ሃስኬት ባስ ተከራይቶ ሁላችንንም ወደ ማዘጋጃ ቤት ወሰደን። ቡድናችንን አድኑ የሚል ወረቀት ይዘናል። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሃስኬት ራሱ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረ፣ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ቀጥሎ ጋሼ በራኺ ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። እንግሊዝኛቸው ከወታደር የተማሩት ነው፤ አጭር አጭር ነው፣ በየመሐሉ “ማም” አለበት።

“ማም፣ መቀመጫዎቹ አርጅተዋል። ሽንት ቤቶቹ ያፈሳሉ። ይሄ እውነት ነው” አሉ ለሰብሳቢዋ። “ሜዳው ግን ደህና ነው። እናንተ የመጣችሁ ዕለት ውሃ የያዘው ማስወጫውን ስለዘጋሁት ነው፣ ማም። ዝጋ ተብዬ ነው የዘጋሁት። ተጫዋቹም የተጎዳው በዚያ ምክንያት ነው።”

ሃስኬት ከመቀመጫው ተነሥቶ ፈገግ አለ። “ይቅርታ፣ ባሪ ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን ትንሽ ይቸገራል። የተጠየቀውን የተረዳ አልመሰለኝም።”

ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ጋሼ በራኺን አየቻቸው። “ጥያቄውን ተረድተዋል?”

“ተረድቻለሁ፣ ማም። መዝጊያው ወደ ግራ አሥራ አንድ ዙር ነው የሚዞረው። ነገ የሚመጣ ሰው ካለ አሳየዋለሁ።”

ከማይክሮፎኑ ሲመለሱ ሃስኬት አጠገብ ቆሙ። ደብዳቤውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። “ቋሚ ሥራ አለው ይላል። አሁን የለኝም” አሉት። ሃስኬት ወረቀቱን ተቀብሎ የት እንደሚያደርገው ሳያውቅ በእጁ ይዞት ቆየ።

ካውንስሉ ድምፅ መስጠቱን አሳደረው፤ በማግስቱ ሦስት የካውንስል ሰዎችና አንድ የከተማው ኢንጂነር መጡ። ጋሼ በራኺ መዝጊያውን ከፈቱት። ሰዎቹ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ፤ ሃምሳ ደቂቃ አልሞላም፣ የቆመው ውሃ ሁሉ ወረደ።

ምክር ቤቱ አሥር ለአራት በሆነ ድምፅ ገንዘቡን ከለከለ። አንደኛው አባል ለጋዜጣ ሲናገር ገንዘቡ መጀመሪያውኑም አልነበረም፣ ማንም ምን ቢናገር ውሳኔው ያው ነበር አለ። ሌሎች ደግሞ ሃስኬት ከአንዲት የአሜሪካ ከተማ ጋር ከሜይ ጀምሮ ተዋውሎ ነበር አሉ። እውነቱን እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው በሴፕቴምበር መጨረሻ ሃያ ሁለት ማሊያ አጥቤ፣ አጥፌ፣ በካርቶን አሽጌ የጭነት መኪና ላይ ማስጫኔን ነው። ቡድኑ ሄደ። ስልሳ ያህል ሰዎች ሥራ አጣን።

ሃስኬት ጋሼ በራኺን ያኔውኑ አላባረራቸውም። ሜዳውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረው እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ አሠራቸው። ሁለቱ ግን አይነጋገሩም፤ የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ መጋዘኑ በር ላይ ይለጥፍላቸው ነበር። የቀረነውም ብዙ አልተሻልንም። ሆት ዶግ ሻጮቹ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩባቸዋል። አንደኛዋማ “ያንተ ንግግር የእኔን ቤት ወሰደው” አለቻቸው። እኔም ምሳዬን ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን መብላት ጀመርኩ። በኖቬምበር ኤሪን ውድስ በሚባል ሰፈር የተከራየሁትን ቤት ለቅቄ ልጆቼን ይዤ ፎረስት ሎን የሚባል ሰፈር ከአንድ ቤት ሥር ያለ ቤዝመንት ገባሁ። ከጋሼ በራኺ ጋር ስድስት ወር አልተነጋገርንም።

በማርች አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ በራኺና ለተንሳኤ ናቸው። ለልጆቼ ጃኬት ገዝተው መጥተዋል። ተቀመጡ። ለተንሳኤ ልጆቹን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

“ውብነሽ፣ ቅር ብሎሻል” አሉኝ።

“አዎ ብሎኛል።”

“ልክ ነሽ። ቤትሽን አጥተሻል።” ቀጥለውም፣ “ግን ስብሰባው ላይ በመናገሬ ይቅርታ ልልሽ አልመጣሁም። ስዘጋው ሰው እንደሚጎዳ አውቅ ነበር። ይቅርታ የምልሽ በዚያ ነው። ያን ቀን እምቢ ብል ኖሮ ይሄ ሁሉ ነገር ሌላ ይሆን ነበር” አሉ።

“ዝጉት ያልኩት እኔ ነኝ እኮ” አልኳቸው። ለራሴም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ መናገሬ ነበር። በእነዚያ ስድስት ወራት በእሳቸው የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ግማሹ ንዴት በራሴ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው ሆንን። እሳቸው ሰንሪጅ ያለው ትልቁ ሞል ውስጥ የጽዳት ሥራ አግኝተው ነበር፤ ቆይተው እኔንም አስገቡኝ። ግሌን ሃስኬትን ከሶ ጋሼ በራኺ ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩለት። የተወሰነ ካሣ አገኘ። ከዚያ ሳስካችዋን ወደ አባቱ እርሻ እንደተመለሰ ሰምተናል። ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ምንም አላላቸውም፤ እሳቸውም አላስቸገሩትም።

“ይቅር ብሎዎት ይሆን?” ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

“አልጠየቅኩትም” አሉ።

የሞሉ ጽዳት ኮንትራክተር ዓመት ሙሉ ካሠራቸው በኋላ ለኢሚግሬሽን የሚሆነውን ደብዳቤ ጻፈላቸው። ሠናይት የመጣችው በፌብሩዋሪ 88፣ ኦሎምፒኩ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ነው። ከጋሼ በራኺና ከለተንሳኤ ጋር ኤርፖርት ሄጄ ነበር። ቦታው በአትሌትና በጋዜጠኛ ተጨናንቋል። ሠናይት ቀጭን፣ ረጅም፣ ከፊቷ ዐይኗ ብቻ ጎልቶ የሚታይ ልጅ ሆና ወጣች። እናቷ ጋ ሳትደርስ አንዲት በጎ ፈቃደኛ አሮጊት ፈገግታ በፈገግታ ሆና ካልጋሪ እንግዳ የምትቀበልበትን ነጭ የካውቦይ ባርኔጣ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችባትና ከየትኛው አገር ቡድን እንደሆነች ጠየቀቻት። ሠናይት እንግሊዝኛ ስለማትችል ዝም ብላ ቆመች። ለተንሳኤ ሮጣ አቀፈቻት፤ ባርኔጣው ወደቀ።

ጋሼ በራኺ ባርኔጣውን ከወለሉ አንሥተው ለአሮጊቷ ሊመልሱ ሞከሩ። አሮጊቷ “ኖ ኖ፣ የእሷ ነው” አለቻቸው። ይዘውት ቆሙ። እናትና ልጅ ተላቅሰው እስኪያበቁ ድረስ ወደ እነሱ አልቀረቡም። በመጨረሻ ሠናይት ቀና ብላ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያላየቻቸውን አባቷን አየቻቸውና በትግርኛ አንድ ነገር አለቻቸው። “እርስዎም ባርኔጣ ሊደፉብኝ ነው?” ማለቷ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። እሳቸው ሳቁ፤ ሻንጣዋን ተቀብለው ወደ መኪናው መንገድ መሩን።